ወገቤ እምቢ አለ፤ ለ34 ጫማ ሸራ ጀልባ የትኛው የኤሌክትሪክ ዊንድላስ ይሻላል?

ስፓ ክሪክ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ጀልባችን ባለ ሸራ ናት፣ 34 ጫማ፣ በፈረንጅ 1987 የተሠራች፣ ክብደቷ 5 ቶን ተኩል ገደማ። ከሚስቴ ወንድም ጋር ተዋጥተን ከገዛናት አራት ዓመት አለፈ። የምናቆማት አናፖሊስ ነው፤ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ እሱ አሌክሳንድሪያ። ሰመር ሲገባ በየሁለት ሳምንቱ ቼሳፒክ ቤይን ተሻግረን ዋይ ሪቨር ወይ ሴንት ማይክልስ እናድራለን።

እስካሁን መልህቁን የምናወጣው በእጅ ነው። መልህቁ 16 ኪሎ፣ ቀጥሎ 9 ሜትር ሰንሰለት፣ ከዚያ ገመድ። ሲወራ ቀላል ነው። የቼሳፒክን ጭቃ የማያውቅ ሰው "16 ኪሎ ምን አላት፣ ከአንድ የጤፍ ከረጢት ብዙም አትበልጥ" ይላል። ጭቃው ግን እንደ ቡኮ ነው፣ መልህቁ ግማሹን ወንዝ ታቅፎ ነው የሚወጣው። ባለፈው ጁላይ ከሰዓት በኋላ የተለመደው ነጎድጓድ መጣ፣ መልህቁ ተንሸራተተ፣ አውጥቼ ደግሜ ጣልኩት፣ አሁንም ተንሸራተተ። በሦስተኛው ወገቤ ቀጭ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልሲ የምታደርግልኝ ሚስቴ ነበረች። አሁን "ወይ ሞተር አስገባላት ወይ ሽጣት" ብላኛለች።

ስለዚህ ዊንድላስ ላስገባ ነው፣ ያው መልህቁን በሞተር ጠቅልሎ የሚያወጣውን። የቁሙ ይሻላል ወይስ የአግድሙ? ስንት ዋት? ባትሪው ኋላ ነው ያለው፤ ወፍራም ሽቦ እስከ አፍንጫዋ ልጎትት ወይስ ፊት ሌላ ባትሪ ላስቀምጥ? ደግሞስ ራሴ ልሠራው እችላለሁ? መኪና እፈታለሁ እገጥማለሁ፣ የጀልባ ዴክ ግን፣ የላይኛውን ወለል ማለቴ ነው፣ በስቼ አላውቅም። አንድ ሰው ያገለገለ 1000 ዋት በርካሽ እየሸጠ ነው፤ "ለማንኛውም ሰንሰለት ይሆናል" ብሎኛል።

ሲያትል ማዶ፦

"ለማንኛውም ሰንሰለት ይሆናል" ያለህን ሰው አመስግነህ ስልኩን ዝጋ። እንደዚህ የሚባል ነገር የለም።

ወንድሜ፣ ከሞተሩ አትጀምር፣ ከሰንሰለቱ ጀምር። ዊንድላሱ ላይ ኪስ ኪስ ያለው መዘውር አለ፣ ጂፕሲ ይሉታል። እያንዳንዱ የሰንሰለት ቀለበት ኪሱ ውስጥ ልክክ ማለት አለበት። የብስክሌት ካቴናና ጥርስ አስብ። ቀለበቱ በሚሊሜትር ከረዘመ ወይ ካጠረ መጀመሪያ ይንቋቋል፣ ቀጥሎ ይዘላል፣ ከዚያ ያወጣኸው ሁሉ እየተንጓጓ ተመልሶ ውሃ ይገባል፤ እጅህ እዚያ አጠገብ ካለ ደግሞ አያድርስ ነው።

ችግሩ ሰንሰለት በውፍረት ብቻ አይታወቅም። 5/16 ኢንች የሚባለው ራሱ ጂ4 አለው፣ ጠንካራው ማለት ነው፤ ቢቢቢ የሚባል ቀለበቱ አጠር ያለም አለው። ውፍረታቸው አንድ፣ ርዝመታቸው ለየቅል። የአውሮፓው 8 ሚሊሜትር ደግሞ በዓይን ከ5/16 አይለይም፣ ግን ዲን 766 በሚባለው ደረጃ የተሠራው የአንዱ ቀለበት ውስጠኛ ርዝመት 24 ሚሊሜትር ነው፣ የአሜሪካው ይበልጣል። ሰንሰለትህን በብሩሽ እጠብና ቀለበቶቹ ላይ የተቀረጸውን ፈልግ፤ በየተወሰነ ርቀት ጂ4 ወይም 3ቢ (ቢቢቢ ማለት ነው) የሚል ታገኛለህ። ዝገት በልቶት ምንም ካልታየህ አዲስ ግዛ። ከዊንድላሱ ዋጋ አጠገብ የሰንሰለቱ ዋጋ ምንም አይደለም።

ጉልበቱን በተመለከተ፣ የመልህቁን፣ የሰንሰለቱንና የገመዱን ክብደት ደምረህ በ3 አባዛ፣ ጠንቃቃ ከሆንክ በ4። ያንተን ልሥራልህ። መልህቁ 16 ኪሎ። ሰንሰለቱን ወደ 15 ሜትር አሳድገው፤ 5/16 ጂ4 በሜትር 1.6 ኪሎ ገደማ ስለሆነ 24 ኪሎ። ገመዱን 5 ኪሎ በለው። 45 ሆነ፣ በ4 ሲባዛ 180 ኪሎ። ለጀልባህ መጠን ገበያ ላይ የሚቀርቡት 700 እና 1000 ፓውንድ የሚስቡ ናቸው፣ ማለትም 320 እና 450 ኪሎ አካባቢ። ሁለቱም ያወጣሉ። ግን ካታሎጉ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሞተሩ ሊቆም ሲል የሚስበው ነው፤ ዘወትር የሚሠራበት ከዚያ እጅግ ያንሳል። ጭቃችሁን ስሰማ ትልቁን እላለሁ።

የቁሙ ሞተሩ ከዴክ ሥር ይደበቃል፣ ሰንሰለቱም መዘውሩን ግማሽ ዙር ስለሚያቅፈው በቀላሉ አይዘልም። ግን ከሥሩ ሰንሰለቱ የሚከማችበት ጥልቅ ጉድጓድ ይፈልጋል። ሰንሰለቱና ገመዱ ሁሉ ገብቶ እንኳ ከላይ 30 ሴንቲሜትር ያህል ባዶ ካልቀረ በራሱ ክብደት አይወርድም፣ እንደ ጉብታ ይከመርና ይቆልፋል። የአግድሙ አካሉ በሙሉ ዴክ ላይ ነው፣ ሰንሰለቱን የሚይዘው ሩብ ዙር ብቻ ነው፣ ለመግጠም ግን ይቀላል። ጉድጓድህን ለካና ተመለስ። ማርክ ከሆነ የእንግሊዙ ሉማር፣ የኒውዚላንዱ ማክስዌል፣ የጣልያኑ ሎፍራንስ፣ ሁሉም ይሠራሉ፤ መለዋወጫው ቅርብህ የሚገኘውን ያዝ።

ገመድ በእጅ፦

ልቃወም ነው የመጣሁት።

እኔም ቼሳፒክ ላይ ነኝ፣ 11 ዓመት፣ 32 ጫማ። ሲያትሎች 15 እና 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው የሚጥሉት፣ ውሃቸውም ሞልቶ ሲጎድል ብዙ ሜትር ይለያያል፣ ሞተር ግድ ይላቸዋል። የኛ ክሪኮች እኮ 3 ሜትር ናቸው! አናፖሊስ ላይ ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ አንድ ጫማ ገደማ ነው። 3 ሜትር ጥልቀት፣ ከውሃው እስከ አፍንጫዋ 1.2 ሜትር፣ የምትለቀው የዚህን 7 እጥፍ ነው፣ 30 ሜትር ገደማ። ለ30 ሜትር ብለህ አፍንጫዋ ላይ ያንን ሁሉ ብረት ልትጭን?

መልህቅ በወገብ አይነቀልም። ገመዱን ቀጥ ብሎ እስኪቆም ታሳጥራለህ፣ ክሊቱ ላይ፣ ማለትም ዴኩ ላይ ባለው የገመድ ማሰሪያ፣ ታስራለህ፣ ከዚያ ሻይህን ትጠጣለህ። ጀልባዋ በሞገዱ ከፍ ዝቅ እያለች ራሷ ትነቅለዋለች። ካልሆነ በሞተር ቀስ ብለህ ወደፊት አንድ ግፊት። የቀረው 16 ኪሎና ጭቃው ነው፣ እሱንም ገመዱን ወደ ኋላ ወስደህ በሸራው ዊንች መሳብ ይቻላል። አንድ ሳንቲም አላወጣሁም።

ወገብ ላይ ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እግዜር ይማርህ።

ሽቦና ፊውዝ፦

ገመድ በእጅ የነገረህ የመንቀያ ዘዴ ዊንድላስ ላለውም ግዴታ ነው፣ ያለዚያ ሞተሩን ታቃጥላለህ። እኔ ስለ ኤሌክትሪኩ ልናገር። "ዊንድላሴ ደከመ" ተብዬ ከሄድኩባቸው ጀልባዎች አብዛኞቹ ላይ ሞተሩ ደህና ነበር፣ የደከመው ሽቦው ነው።

1000 ዋት በ12 ቮልት 83 አምፔር ነው፣ ጭቃ ሲይዘው ከ100 ያልፋል። መኪና ስለምታውቅ ሞተሪኖ አስብ። ልዩነቱ ሞተሪኖ ሦስት ሰከንድ ይሠራል፣ ይሄ ግን ደቂቃዎች። ከባትሪህ እስከ አፍንጫዋ 9 ሜትር ቢሆን የምትቆጥረው 18 ነው፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ መመለስ አለበት። መመለሻውን የሚረሳው ብዙ ነው። አሁን በ100 አምፔር እናስላው። 35 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 0.9 ቮልት መንገድ ላይ ይበላል። 50 ካሬ 0.6 ይበላል፣ 70 ካሬ ከግማሽ ቮልት በታች። ባትሪህ ደከም ብሎ 12 ላይ ካለ በቀጭኑ ሽቦ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው 11 ነው፤ ይንቀረፈፋል፣ ይግላል፣ ከዚያ አንተ ማርኩን ትሰድባለህ። ከ50 በታች አትግዛ፤ አሜሪካኖቹ 1/0 የሚሉት እዚያው ነው። ደግሞ መዳቡ ነጣ ያለው፣ በቆርቆሮ የተለበጠው የጀልባ ሽቦ ይሁን። የመኪናው ቀይ መዳብ ጨዋማ አየር ሲያገኘው አረንጓዴ ዱቄት ነው የሚሆነው።

ፊት ባትሪ ማስቀመጥ ብልህነት ይመስላል፣ ግን ያንን ባትሪ ማን ይሞላዋል? እሱም ሽቦ ይፈልጋል፣ ቻርጀር ይፈልጋል፣ ክብደቱም እዚያው አፍንጫዋ ላይ ነው። 34 ጫማ ላይ አያዋጣም።

ፊውዙ ባትሪው ጋ ነው የሚሆነው፣ ዊንድላሱ ጋ አይደለም። ኤቢዋይሲ፣ የአሜሪካን የጀልባ ደረጃ የሚያወጣው፣ ቢሮው እዚያው እናንተ ጋ አናፖሊስ ነው፣ በ7 ኢንች ውስጥ ይላል። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ያ ሁሉ ሽቦ ልጆቹ በሚተኙበት አልጋ ሥር ነው የሚያልፈው፤ አንድ ቦታ ተፍቆ ቢነካካ እና ፊውዝ ባይኖር ብየዳ ነው የሚሆነው። መጠኑን ከማኑዋሉ ውሰድ። ፊውዝ ብቻ ሳይሆን በእጅ የሚጠፋ ብሬከር ቢሆን ይሻላል፣ መልህቅ ጥለህ ስትጨርስ ታጠፋዋለህ። የእግር ማብሪያዎቹ ውሃ ሲገባባቸው በራሳቸው ይነሳሉ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ዊንድላስ በራሱ ሲነሳ ሰምቼ አውቃለሁ፣ ለጠላትም አልመኝም።

ሁለት ነገር ልጨምርና ልሂድ። ሪሌ፣ የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚቆርጠው፣ ያለበትን ሳጥን ሰንሰለቱ ጉድጓድ ውስጥ አትስቀለው፣ እዚያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። መልህቅ ስታወጣ ደግሞ የጀልባዋ ሞተር ይነሳ፣ ዲናሞው ይረዳሃል።

ስፓ ክሪክ፦

እናንተ ሰዎች ትገርማላችሁ። ዛሬ ሄጄ ለካሁ። ጉድጓዱ 48 ሴንቲ ነው፣ ሁሉ ነገር ሲገባ 20 ብቻ ይቀራል። የቁሙ ሄደ። ሰንሰለቱን አጠብኩት፣ 3ቢ ይላል! ያ የሚሸጠው ሰውዬ ዊንድላስ ደግሞ መዘውሩ ላይ 8 ሚሜ ተጽፎበታል። ሲያትል ማዶ፣ ባለውለታዬ ነህ።

አሁን የቀረኝ ፍርሃት ዴኩ ነው። በመዶሻ እጀታ እያንኳኳሁ ሳዳምጥ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ደነዝ ይላል። ዝም ብዬ በስቼ በብሎን ላጥብቀው?

ሲያትል ማዶ፦

ኧረ በፍጹም! እኔ የመጀመሪያዋ ጀልባዬ ላይ ያደረግኩት እሱን ነው። በሳሁ፣ ሲሊኮን ቀባሁ፣ አሰርኩ፣ በኩራት ፎቶ ተነሳሁ። ከሁለት ክረምት በኋላ ዴኩ ስረግጠው እንደ ስፖንጅ ይሰምጥ ጀመር።

የዚህ ዘመን ጀልባ ዴክ ሳንድዊች ነው። ከላይ ፋይበርግላስ፣ ከታች ፋይበርግላስ፣ መሐሉ አብዛኛውን ጊዜ ባልሳ የሚባል ላባ የመሰለ እንጨት። በብሎኑ ዙሪያ ጠብታ ውሃ ከገባ እንጨቱ ይበሰብሳል። ደነዝ ያለህ ቦታ ምናልባት ቀድሞ ረጥቧል፤ መጀመሪያ እዚያ ትንሽ ቀዳዳ ብሳና የሚወጣውን ፍቅፋቂ እየው። ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ እሰየው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ከዊንድላሱ በፊት ሌላ ሥራ መጥቶልሃል።

ደህና ከሆነ፣ ቀዳዳውን ከብሎኑ በጣም አስፍተህ ትበሳለህ፣ የታችኛውን ፋይበርግላስ ሳትነካ። መሐል ያለውን እንጨት በታጠፈ ሚስማር ዙሪያውን ትፍቃለህ፣ ትጠርጋለህ። ከዚያ ወፈር ባለ ኤፖክሲ ትሞላዋለህ። ሲደርቅ መሐሉን በብሎኑ ልክ እንደገና ትበሳለህ። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በድንጋይ ውስጥ ነው፣ እንጨቱ ውሃ አያይም፣ ስታጠብቀውም ዴኩ አይጨፈለቅም። ከሥር ሮንዴላ ብቻ አትመን፤ ከዊንድላሱ እግር ሰፋ ያለ ወፍራም የአልሙኒየም ወይ የፋይበርግላስ ሳህን አድርግ። አልሙኒየምና የማይዝግ ብረት በሚነካኩበት ሁሉ መሐላቸው መለያ ቅባት ይግባ፣ ያለዚያ ጨው ሲገባ እርስ በርስ ይበላላሉ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ብሎኑን በመጋዝ ነው የምትፈታው። ማሸጊያው ደግሞ ለዘላለም የሚጣበቀው ዓይነት አይሁን፤ አንድ ቀን መንቀልህ አይቀርም።

ለመጨረሻ ጊዜ ከመብሳትህ በፊት ሰንሰለቱን ከአፍንጫዋ ሮለር እስከ መዘውሩ ወጥረህ እየው። ቀጥ ያለ መስመር ነው የምትፈልገው። በትንሹ ከተጣመመ ዕድሜ ልክህን ይዘልብሃል።

ማሽን ክፍል፦

ሰላም ወንድሞች። ባህር ዳር ማሪታይም አካዳሚ ተምሬ አሁን ጭነት መርከብ ላይ መሐንዲስ ነኝ፣ ይሄንን የምጽፈው ከወደብ ነው። የኛ ሰንሰለት የሚቆጠረው በሻክል ነው፣ አንዱ 27.5 ሜትር፤ የአንዷ ቀለበት ክብደት ካንተ መልህቅ ይበልጣል። ግን አንድ ሕግ ከትልቁም ከትንሹም ጋ ያው ነው፣ እስካሁንም ማንም አልጠቀሰውም። ዊንድላስ ማውጫ እንጂ ማሰሪያ አይደለም። መርከቧ ቆማ ስታድር የሰንሰለቱን ጉተታ የሚይዘው ፍሬኑና የሰንሰለት ማገቻው ነው፣ ማርሹ አይደለም።

ያንተ ላይ እንዲህ ነው። 30 ሜትር ከጣልክ 15ቱ ሰንሰለት ወጥቶ አልቋል፣ አፍንጫዋ ላይ ያለው ገመድ ነው። ገመዱን ክሊቱ ላይ እሰረው፣ ከክሊቱ ወደ ዊንድላሱ ያለው ላላ ብሎ ይቅር። ጥልቀቱ ትንሽ ሆኖ የወጣው ሰንሰለት ብቻ ከሆነ ጥቂት ሜትር የናይሎን ገመድ በመንጠቆ ሰንሰለቱን ያዝና እሱን ክሊቱ ላይ እሰር። ናይሎን ይለጠጣል፣ ሰንሰለት አይለጠጥም። ነፋስ ሲመታ ያ ግጭት ሁሉ የማርሹ ጥርስ ላይ ከሄደ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

የገመዱ ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ መታሰሩን ዛሬውኑ አረጋግጥ። የታሰረ ካልሆነ አንድ ቀን ሁሉም ነገር ተፈትልኮ ይሄዳል። ታዲያ በብረት አይታሰርም፣ እስከ ዴክ በሚደርስ ቀጭን ጠንካራ ገመድ ነው የሚታሰረው፤ ጥሎ መሄድ የግድ ሲሆን በቢላ ትቆርጠዋለህ። ፍሪሲዮኑን በዓመት አንዴ ፈትተህ ቅባው፣ እጀታውንም ሁሌ ከምታገኘው ቦታ አስቀምጥ። ኤሌክትሪክ የጠፋ ቀን እሱ ነው የሚያወጣህ። ሰንሰለት ሲጣበቅ ደግሞ ብሬከሩን ሳታጠፋ እጅህን አታስገባ። እኔ ጣት የሌለው ባልደረባ አለኝ።

መሪው የኔ ነው፦

ወንዶቹ ስለ ብረቱ ጨረሳችሁ፣ እኔ ስለ ሰዎቹ ልበል። ባልቲሞር ነኝ፣ ከባለቤቴ ጋር 36 ጫማ አለን። ስፓ ክሪክ፣ ወገብህ እንዲያ ከሆነ ሰንሰለቱ ጋ የምትቆመው ባለቤትህ መሆኗ ነው፣ ስለዚህ ማብሪያው የት ይሁን ብለህ እሷን ጠይቃት። እኔ የእግሩን አልወድም፣ ባዶ እግር ስሆን ስለሚያንሸራትት፤ በሽቦ ያለውን የእጅ መቆጣጠሪያ ነው የመረጥኩት።

ሰንሰለቱንና ገመዱን በየ5 ሜትሩ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ለማስታወስ አይከብድም መቼም። ከፊትና ከኋላ ሆኖ መጯጯህ ደግሞ ይቅር፣ ሞተሩና ነፋሱ ስለማያሰማ መላው ወደብ ትዳራችሁን ነው የሚሰማው። የእጅ ምልክት ተስማሙ፤ ሰንሰለቱ ያለበትን አቅጣጫ እኔ በእጄ አሳያለሁ፣ እሱ ጀልባዋን ቀስ እያለ ወደዚያ ይነዳል፣ ዊንድላሱ የላላውን ብቻ ይሰበስባል። ጀልባዋን የሚስባት ዊንድላሱ ከሆነ ተሳስታችኋል። ፀጉርና ሻርፕ ይታሰር። ለጭቃው ደግሞ ትንሽ የውሃ ፓምፕ ከነቱቦው አብራችሁ ግዙ፣ ያለሱ ያ ሁሉ ቡኮ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ኦገስት ላይ መሽተት ይጀምራል።

ስፓ ክሪክ፦

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

የአግድሙን 1000 ፓውንድ ገዛሁ፣ 15 ሜትር አዲስ ጂ4 ከመዘውሩ ጋር አመሳክሬ። ደነዝ ያለው ቦታ ረጥቦ ነበር፣ እንደ እድል ሆኖ የሁለት እጅ መዳፍ ያህል ብቻ። ቆፍሬ አድርቄ ሞላሁት፣ እሱ ብቻ ሦስት ቅዳሜ በላ። ሽቦውን 50 ካሬ አድርጌ አልጋ ሥር ሳሳልፍ የሚስቴ ወንድም በጠባቡ ቀዳዳ ገብቶ መውጣት አቅቶት ነበር፣ ፎቶው ቤተሰብ ግሩፕ ላይ አለ።

ባለፈው ሳምንት ዋይ ሪቨር ላይ ሞከርነው። የመጀመሪያው ቀን ብሬከሩ ዘጋ። ቸኩዬ ጀልባዋን በዊንድላሱ ስስባት ነበር፣ ልክ አታድርጉ ያላችሁትን። በሁለተኛው ቀን ሚስቴ ፊት፣ እኔ መሪ ላይ፣ መልህቁ ቀጥ ብሎ ሲቆም ክሊቱ ላይ አስራ ቁጭ አለች፣ ጠበቅን፣ ጭቃው ለቀቀ። ከዚያ በአንድ ጣቷ። አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮኛል፣ ገመዱና ሰንሰለቱ የተጠለፉበት ቦታ መዘውሩ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል።

ሲያትል ማዶ፦

ጠለፋው አዲስ ስለሆነ ደርቆ ነው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ በእጅህ እያጣጠፍክ አለስልሰው። ካልተሻለው ገመድህ ለመዘውሩ ወፍሯል ወይም ጠለፋው አጭርና ወፍራም ሆኗል፣ ወደ ጫፉ እየሳሳ እንዲሄድ አድርገህ ድጋሚ ጥለፈው። እስከዚያ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ።

ገመድ በእጅ፦

ቅዳሜ ሮድ ሪቨር ነን። ካላችሁ አጠገባችሁ ጥዬ ልየው። ለሚስቴ እንዳትነግሯት ብቻ፣ እሷም ይሄን ካየች ያልቅልኛል።